ዶክ ላይ የተሰካው ላን እየተቆራረጠ ላስቸገራችሁ

ይሄን ምጽፈው ላፕቶፑን በዶክ (ሞኒተሩንም ኪቦርዱንም ላኑንም በአንድ ገመድ ከላፕቶፑ ጋር በምታገናኘው ሳጥን) ለሚጠቀም፣ ላኑ፣ ማለትም በገመድ የሚመጣው ኔትወርክ፣ በየመሀሉ ሄድ መጣ እያለ ስራ ላስፈታው ሰው ነው። ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ያዙ። ዋናውን ነገር ከመጀመሪያው ልበለው፣ ኢንተርኔቱ ጠፋ ማለት አንድ ነገር ነው፣ ከራውተሩ እስከ ዶኩ ያለው የላን መስመር ጠፋ ማለት ሌላ ነው፣ ዶኩ ውስጥ ያለው የላን ካርድ ራሱ ከላፕቶፑ ጠፋ ማለት ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነው፣ ስክሪኑ ላይ ግን ሶስቱም አንድ ይመስላሉ፣ ያቺ የሉል ምልክት ትመጣለች፣ ኖ ኢንተርኔት ትላለች፣ አለቀ። የትኛው እንደሆነ ሳትለዩ ምንም ነገር አትግዙ፣ ምንም ነገር ሪሴት አታድርጉ።

እኔ ቤት ሆኜ ነው ምሰራው፣ የሂሳብ ስራ ነው፣ ድርጅቱ ውጭ ነው ያለው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ዋይፋይ ምን እንደሚመስል ምትኖሩበት ታውቁታላችሁ፣ የጎረቤቱን ራውተር ስም ወደ ታች ብትገፉት ብትገፉት አያልቅም፣ ሁሉም እዛችው 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ነው ሚጋፋው፣ ስለዚ ሳሎን ካለው ራውተር እስከ መኝታ ቤት የላን ገመድ አዘርግቻለሁ። ላፕቶፔ ቀጭን ስለሆነ የላን ቀዳዳ የለውም። ገመዱ ዶኩ ላይ ይሰካል፣ ዶኩ ደግሞ በአንዲት ታይፕ ሲ ገመድ ላፕቶፑ ላይ፣ በዛች ገመድ ሞኒተሩም ኪቦርዱም ቻርጁም ላኑም ያልፋል። ሲሰራ እሰይ ነው፣ አንድ ገመድ ነቅሎ መሄድ፣ አንድ ገመድ ሰክቶ ስራ መጀመር።

መቆራረጡ ሲጀምር ለሶስት ለአራት ሴኮንድ ብቻ ነበር ሚጠፋው። ዩቲዩብ ለሚያይ ሰው ይሄ ምንም አይደለም፣ ቪዲዮው ቀደም ብሎ ስለሚጭን ጭራሽ ላያስተውለው ይችላል። እኔ ግን ስራ የምሰራው ቪፒኤን (ወደ ድርጅቱ ኔትወርክ የሚያስገባ የተዘጋ መስመር) ውስጥ ገብቼ ነው፣ ላኑ ለሶስት ሴኮንድ ሲጠፋ ቪፒኤኑ ይወድቃል፣ ሪሞት ዴስክቶፑ፣ የድርጅቱን ኮምፒውተር ከሩቅ ምሰራበት ማለት ነው፣ ባለበት ይደርቃል፣ ከዛ ስልክሽ ላይ የመጣውን ኮድ አስገቢ ይለኛል፣ ኮዱን አስገብቼ እስክመለስ ሚቲንጉ ላይ ሰዎቹ ሌላ ርዕስ ላይ ደርሰዋል። ሶስት ሴኮንድ የነበረው አምስት ደቂቃ ይሆናል ማለት ነው።

ሰው ስታማክሩ ደግሞ መልሱ የታወቀ ነው፣ "ኔትወርክ ነዋ"። ገመዱን የዘረጋልኝ ልጅም ስደውልለት "እህቴ እሱ ከላይ ነው፣ ሁሉም ጋ እንደዛ ነው" አለኝ። ሊሆን ይችላል። ግን ከላይ ይሁን ከታች በአምስት ደቂቃ ማወቅ ይቻላል እኮ፣ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

ሁለት ጥቁር መስኮት ክፈቱ፣ ዊንዶውስ ላይ ያለውን ኮማንድ ፕሮምፕት ማለቴ ነው። አንዱ ላይ ፒንግ ብላችሁ የራውተራችሁን አድራሻ ጻፉ፣ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው፣ ካልሆነም አይፒኮንፊግ ብላችሁ ዲፎልት ጌትዌይ የሚለው ፊት ለፊት ታገኙታላችሁ፣ መጨረሻው ላይ ጭረትና ትንሿን የእንግሊዝኛ ቲ ጨምሩበት እሷ ናት ሳያቆም እንዲቀጥል ምታደርገው። ሁለተኛው ላይ እንደዚሁ አርጋችሁ 8.8.8.8 ጻፉ፣ ውጭ ኢንተርኔት ላይ ያለ የጉግል አድራሻ ነው። ጎን ለጎን አድርጓቸውና ስራችሁን ስሩ። ሲቆራረጥ ዞር ብላችሁ እዩ። 8.8.8.8 ብቻ ቆሞ ራውተሩ መልስ እየሰጠ ከሆነ ያ ልጅ ልክ ነው፣ ችግሩ ከራውተሩ ወዲያ ነው፣ እዚህ ላይ ማንበብ አቁማችሁ ኢንተርኔት አቅራቢያችሁ ጋ ደውሉ። ሁለቱም አብረው ከቆሙ ግን ነገሩ እዛው ቤታችሁ ውስጥ ነው፣ ማንም ጋ መደወል አያስፈልግም።

የእኔ ሁለቱም አብረው ነበር ሚቆሙት። ሌላ አንድ ነገርም እዩ፣ ሲቆም የሚጽፈው ጽሁፍ ይለያያል። ሪኩዌስት ታይምድ አውት ካለ ላፕቶፑ ልኳል መልስ ግን አልመጣም ማለት ነው። ጄኔራል ፌሊየር ካለ ግን ላፕቶፑ መላኪያው ራሱ የለውም፣ የሚልክበት ካርድ በዛች ሰዓት አልነበረም ወይ መስመሩ ተቆርጦበታል ማለት ነው። እኔ ጋ ጄኔራል ፌሊየር ነበር፣ ሶስት አራት መስመር ጄኔራል ፌሊየር ከዛ ምንም እንዳልተፈጠረ መልሱ ይቀጥላል። ይቺን ጽሁፍ ካየሁ በኋላ ራውተሩን ተውኩት።

አሁን ዶክ ምን እንደሆነ ትንሽ ልበል ምክንያቱም ይሄን ካልገባን ቀሪው አይገባም። ዶክ ማለት ውስጡ የዩኤስቢ ሀብ ነው፣ ዩኤስቢ ማባዣ በሉት፣ እሱ ላይ የላን ቺፕ ተበይዷል፣ ለላፕቶፑ ያ ቺፕ ልክ እንደ ፍላሽ ዲስክ የተሰካ የዩኤስቢ እቃ ነው። ሞኒተሩ ግን በብዙዎቹ የታይፕ ሲ ዶኮች ላይ በሌላ መንገድ ነው ሚሄደው፣ ታይፕ ሲ ገመዷ ውስጥ ካሉት 4 ፈጣን መስመሮች የተወሰኑት ለምስል ብቻ ይሰጣሉ፣ ከዩኤስቢው ጋር አይነካኩም። (ምስሉንም በዩኤስቢ በኩል የሚልኩ፣ የራሳቸው ድራይቨር፣ ማለትም ዊንዶውስ ከእቃው ጋር የሚግባባበት ሶፍትዌር፣ የሚፈልጉ ዶኮች አሉ፣ የእናንተ እንደዛ ከሆነ ይሄ ምልክት አይሰራላችሁም።) ስለዚ ላኑ ሲጠፋ ሌላ ምን አብሮ እንደጠፋ ማየት ግማሽ መልሱ ነው።

ሁሉም አብሮ ከጠፋ፣ ሞኒተሩ ጥቁር ብሎ ከተመለሰ፣ ኪቦርዱም ከደነዘዘ፣ ቻርጅ ማድረጉንም ካቆመ፣ የላን ጉዳይ አይደለም፣ ወይ ታይፕ ሲ ገመዱ ነው ወይ ዶኩ መብራት እያጣ ነው። ሞኒተሩ ሳይነቃነቅ ላኑ ብቻ ከጠፋና ዊንዶውስ ያቺን ዩኤስቢ ሲነቀል የሚያሰማትን ድምጽ ካሰማ፣ ከዛ ደግሞ ሲሰካ የሚያሰማትን፣ የላን ቺፑ ከዩኤስቢው ላይ ወድቆ ተመልሷል ማለት ነው። ድምጽ ሳይኖር ላኑ ብቻ ከጠፋና ዶኩ ላይ ገመዱ የሚሰካበት ጋ ያሉት ትናንሽ መብራቶች አብረው ድርግም ብለው ከጠፉ ገመዱን ወይ ወዲያኛው ጫፍ ያለውን ራውተር ወይ ስዊች (የላን መስመር ማባዣ) ጠርጥሩ። ድምጹን ለመስማት ሄድሴቱን አውልቃችሁ ስፒከር ላይ አድርጉት፣ ብዙ ሰው ሚቲንግ ላይ ሆኖ ስለሆነ የሚቆራረጥበት ድምጹን አይሰማውም።

እኔ ሁለተኛው ነበርኩ። ሞኒተሩ ንቅንቅ አይልም፣ ማውሱም ይሰራል፣ ድምጹ ብቻ ዱ-ዱም ይላል ከዛ ተመልሶ ይመጣል።

ማስረጃውን ደግሞ ዊንዶውስ ራሱ ይጽፈዋል። ኢቨንት ቪወር ብላችሁ ፈልጉ፣ ዊንዶውስ ሎግስ ውስጥ ገብታችሁ ሲስተም የሚለውን ክፈቱ፣ የተቆራረጠበትን ሰዓት አስታውሳችሁ እዛ ሰዓት አካባቢ ያለውን ቢጫውንና ቀዩን ብቻ እዩ። ኤንዲአይኤስ የሚል ምንጭ ያለው ቁጥሩ 10400 የሆነ ማስጠንቀቂያ ካገኛችሁ ትልቅ ነገር ነው፣ የኔትወርክ ካርዱ ራሱን ሪሴት ማድረግ ጀምሯል እያለ ነው፣ ምክንያቱንም ይነግራችኋል፣ ከተነሳ ጀምሮ ስንት ጊዜ ሪሴት እንዳደረገም ይቆጥርላችኋል። ሰው ስለ ሎግ ሲነገረው ይፈራል፣ ግን ከዛ ሁሉ ቀይና ቢጫ ውስጥ ምትፈልጉት ከሰዓቱ ጋር የሚገጥመውን ብቻ ነው፣ ሌላውን እንዳላያችሁ እለፉት። ዊንዶውስ ጤነኛ ሆኖም ቀይ መጻፍ ይወዳል።

ከዚህ በኋላ ነው ሴቲንግ መንካት ሚጀመረው። ዲቫይስ ማናጀር ክፈቱ፣ ኔትወርክ አዳፕተርስ የሚለው ውስጥ ዩኤስቢ የሚል ቃል ያለበትን ካርድ ፈልጉ፣ ጊጋቢት ኢተርኔት ምናምን ይላል፣ የዶኩ እሱ ነው። ሁለት ጊዜ ተጫኑት። ፓወር ማኔጅመንት የሚል ታብ አለው፣ እዛ ላይ ኮምፒውተሩ ፓወር ለመቆጠብ ይሄን ዲቫይስ እንዲያጠፋው ፍቀድ የሚል ሳጥን አለ፣ ምልክቱን አንሱት። ለባትሪ ታስቦ የተደረገ ነው፣ ዶክ ላይ ሆናችሁ ግን ቻርጅ ላይ ናችሁ ምንም አይጠቅማችሁም። ታቡ ጭራሽ የማይታይባቸው አዳዲስ ላፕቶፖች አሉ፣ እነሱ ላይ የእንቅልፍ ስርዓታቸው ስለተቀየረ ነው፣ አትደናገጡ ወደሚቀጥለው እለፉ።

የሚቀጥለው አድቫንስድ የሚለው ታብ ነው፣ እዛ ውስጥ ረጅም ዝርዝር አለ፣ ከሱ ውስጥ እኔ የነካሁት ኢነርጂ ኢፊሸንት ኢተርኔት፣ ግሪን ኢተርኔት፣ እና አይድል ፓወር ሴቪንግ የሚሉትን ነው፣ ሶስቱንም ዲስኤብልድ። የመጀመሪያው በ2010 የጸደቀ ስታንዳርድ ነው፣ መስመሩ ላይ ምንም ሳይተላለፍ ሲቀር ሁለቱም ጫፎች ተስማምተው ያንቀላፋሉ፣ ዳታ ሲመጣ ይነቃሉ፣ በወረቀት ላይ ቆንጆ ነው፣ አንደኛው ጫፍ ከእንቅልፉ ሲነሳ ከተደናበረ ግን መስመሩ ይወድቅና እንደ አዲስ ለመነጋገር ጥቂት ሴኮንድ ይወስዳል። ያቺ ሶስት አራት ሴኮንድ ከዚህም ልትመጣ ትችላለች። ስሞቹ ከቺፕ ቺፕ ይለያያሉ፣ የናንተ ላይ ሁለቱ ብቻ ሊኖሩ ይችላሉ፣ ሀሳቡ ግን አንድ ነው፣ መቆጠብ የሚል ነገር ካያችሁ አጥፉት። ስትቀይሩ ላኑ ራሱ ለትንሽ ሴኮንድ ይጠፋል፣ ሚቲንግ መሀል ሆናችሁ አትንኩት።

አንድ አንድ እየቀየራችሁ ሂዱ፣ አንዱን ቀይራችሁ ግማሽ ቀን ስሩበት። ሁሉንም በአንዴ ከቀየራችሁ ሲስተካከል የትኛው እንደሆነ አታውቁትም፣ ነገ ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ ከዜሮ ትጀምራላችሁ።

ቀጥሎ እዛው ዲቫይስ ማናጀር ላይ ወደ ታች ዩኒቨርሳል ሲሪያል ባስ ኮንትሮለርስ የሚለው ውስጥ ያሉት ዩኤስቢ ሀቦች ላይም ያው የፓወር ምልክት አለ፣ ይሄን ብዙ ሰው ይረሳዋል። የላን ቺፑ ላይ አንስታችሁት ቺፑ የተቀመጠበት ሀብ ራሱ እንዲተኛ ከተፈቀደለት ዞሮ ዞሮ ያው ነው። ፓወር ኦፕሽንስ ውስጥም ዩኤስቢ ሰሌክቲቭ ሰስፔንድ የሚል አለ፣ ካገኛችሁት ዲስኤብልድ አድርጉት።

እኔ ጋ ይሄን ሁሉ ሳደርግ በጣም ቀነሰ፣ ግን ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። የጨረሰው ድራይቨሩ ነው። ዊንዶውስ ዶኩ ሲሰካ በራሱ ፈልጎ የሚጭነው ድራይቨር ብዙ ጊዜ የቆየ ነው፣ ይሰራል ግን ለዛ ቺፕ የወጡ ማስተካከያዎች ላይኖሩት ይችላሉ። ድራይቨር ከሚለው ታብ ላይ ቀኑን እዩት፣ አመታትን ያስቆጠረ ከሆነ ጠርጥሩት። አዲሱን የዶኩ አምራች ሳይት ላይ በሞዴል ቁጥር ፈልጋችሁ ታገኙታላችሁ፣ ሞዴል ቁጥሩ ዶኩ ሆድ ላይ በጥቃቅን ፊደል ተለጥፏል፣ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ዙም አድርጉት። እባካችሁ ድራይቨር ፈልጎ እጭንላችኋለሁ የሚል ነጻ ሶፍትዌር እንዳታወርዱ፣ ያ ሌላ በሽታ ነው። እዛው ሳይት ላይ የፈርምዌር አፕዴትም ካለ ጫኑት፣ ፈርምዌር ዶኩ ውስጥ የሚቀመጠው ሶፍትዌር ነው፣ እየጫነ ሳለ ገመድ መንቀል የለም መብራትም መሄድ የለበትም፣ ስለዚ መብራት ሲያስቸግር በዋለበት ቀን አትሞክሩት።

ላፕቶፑ የመስሪያ ቤት ከሆነ ይሄ ሁሉ አድሚን ፓስወርድ ይጠይቃችኋል። ያኔ አይቲውን "ኢንተርኔቴ ይቆራረጣል" ብላችሁ ብትጽፉለት ዋይፋይ ሞክሪ ይላችኋል፣ የ10400ውን ሎግ ከሰዓቱ ጋር እና የጄኔራል ፌሊየሩን ስክሪን ሻት ብትልኩለት ግን ወዲያው ነው ሚገባው፣ የኔ በዛው ቀን በሪሞት ገብቶ ጫነልኝ።

ስለ መብራት ካነሳሁ አይቀር። መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፣ ራውተሩም ብዙ ሰው አሁን ሚኒ ዩፒኤስ ስለገዛለት ይቀጥላል፣ ዶኩ ግን የራሱ አዳፕተር ስላለው ቀጥ ይላል፣ ላኑም አብሮ። ስለዚ መብራት ብልጭ ብሎ በተመለሰ ቁጥር ላን መጥፋቱ ብልሽት አይደለም። ሚኒ ዩፒኤሱ ላይ ዶኩን ልሰካው እንዳትሉ፣ ሚኒ ዩፒኤስ የሚሰጠው ለራውተር የሚሆን 9 ወይ 12 ቮልት ነው፣ የዶክ አዳፕተር አብዛኛው 19 ወይ 20 ቮልት ነው ዋቱም የትና የት። ትልቁን፣ ሶኬት ያለውን ዩፒኤስ ነው ሚፈልገው። ዋይፋዩ ግን ተጠባባቂ ሆኖ ኮኔክት እንደተደረገ ይቆይ፣ ላኑ ሲሄድ ዊንዶውስ ራሱ ይቀይራል፣ ቪፒኤኑ ይወድቅ ይሆናል ቢያንስ ግን ስልክ ፍለጋ ሆትስፖት ለመክፈት አትሯሯጡም።

አንድ የስራ ባልደረባዬ ጋ ደግሞ ምልክቱ ሌላ ነበር፣ ድምጽ የለም፣ የላኑ መብራት ብቻ ይጠፋል፣ በተለይ ወንበሩን ወደ ኋላ ሲገፋ። ላፕቶፑ ላይ የላኑን ፍጥነት ስናይ አንዳንዴ 1000 አንዳንዴ 100 ይላል። እዚህ ላይ ዶክ መክፈት አያስፈልግም፣ ገመድ ነው። የላን ገመድ ውስጥ 8 ቀጫጭን ሽቦ አለ፣ ሁለት ሁለት ተጠማዘው 4 ጥንድ ናቸው፣ ጊጋቢት ለመስራት 4ቱንም ጥንድ ይፈልጋል፣ 100 ሜጋቢት ግን ሁለቱ ይበቁታል፣ በተለመደው አሰራር ብርቱካናማው እና አረንጓዴው ማለት ነው። ስለዚ ሰማያዊው ወይ ቡናማው ጫፉ ላይ ላላ ካለ መስመሩ በጊጋቢት ይጀምርና ይወድቃል፣ ወደ 100 ይወርዳል፣ እንደገና ይሞክራል፣ ለተጠቃሚው ሄድ መጣ ነው። ለሙከራ አድቫንስድ ታብ ውስጥ ስፒድ ኤንድ ዱፕሌክስ የሚለውን 100 ላይ ብታስሩትና መቆራረጡ ቢቆም ገመዱ ተያዘ ማለት ነው፣ ግን እዛው ላይ እንዳትተዉት፣ አንዱን ጫፍ በግድ አስራችሁ ሌላኛው ኦቶ ላይ ከሆነ ሁለቱ ላይግባቡ ይችላሉ፣ ያኔ ይሰራል ግን ይንቀራፈፋል፣ ይሄ ደግሞ ለማግኘት ከመጀመሪያው የባሰ ነው።

የሱን ገመድ ጫፉን ቆርጠን በምላጭ ፋቅ ስናደርገው ከላይ መዳብ የሚመስለው ለቀቀና ውስጡ ነጭ ብር የሚመስል ወጣ። አሉሚኒየም ነው፣ ከላይ በስሱ መዳብ የለበሰ። ገበያ ላይ ሞልቷል፣ ሽፋኑ ላይ ካት 6 (የላን ገመድ ደረጃ ነው) ተብሎ ይጻፍበታል፣ ጥቅልሉን በእጅ ስታነሱት ከትክክለኛው ይቀላል፣ ዋጋውም ይቀላል። አሉሚኒየም ሲታጠፍ ሲዘረጋ ቶሎ ይሰበራል፣ ግድግዳ ላይ ተቸንክሮ ለሚኖር ይችል ይሆናል፣ ወንበር እግር ስር ለሚውል ግን አይሆንም። ስትገዙ ንጹህ መዳብ ነው ወይ ብሎ መጠየቅ ብቻ ሳይሆን ጫፉን ፍቆ ማሳየት ነው፣ እምቢ የሚል ባለሱቅ መልሱን ሰጥቷችኋል። ካት 5ኢ ንጹህ መዳብ ካገኛችሁ ለጊጋቢት እስከ 100 ሜትር ድረስ ይበቃል፣ ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ ብቻ አትክፈሉ።

ታይፕ ሲ ገመዱን በተመለከተ ብዙ አልልም። ከዶኩ ጋር የመጣውን ተጠቀሙ። ስልክ ቻርጅ የሚያደርግ ገመድ ሁሉ ዳታና ምስል አያሳልፍም፣ የሚያሳልፈውም ሲረዝም ይቸገራል። ጫፉን በጣት ነካ ስታደርጉት ሞኒተሩ ጭምር ብልጭ ካለ ቀዳዳው ላልቷል ወይ አቧራ ገብቶበታል። በነገራችን ላይ ዶኩ ላይ የተሰካ ገመድ አልባ ማውስ ሲንቀራፈፍባችሁ ከላን ጋር አታያይዙት፣ ዩኤስቢ 3 ራሱ 2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ጫጫታ ይለቃል፣ የማውሷን መቀበያ ከዶኩ ራቅ አድርጋችሁ ሌላ ቀዳዳ ላይ መሰካት ነው።

አሁን ወደ ሚገርመው ልምጣ። ይሄ እህቴ ቤት የሆነ ነው። እነሱ ጋ ችግሩ ላፕቶፑ ላይ አልነበረም፣ ላፕቶፑ በሌለበት ነው። ማታ ላፕቶፑን ከዶኩ ነቅላ ሶፋ ላይ ስትቀመጥ ከደቂቃዎች በኋላ የቤቱ ኢንተርኔት በሙሉ ይሞታል፣ ቲቪው ይቆማል፣ ልጆቹ ይጮሃሉ፣ ዋይፋዩ ኮኔክትድ ይላል ግን ምንም የለም። ባሏ ራውተሩን አጥፍቶ ያበራል፣ ለትንሽ ይሰራል፣ ደግሞ ይሞታል። ጠዋት ላፕቶፑን ስትሰካው ሁሉም ሰላም። ራውተሩ ሊቀየር ሁሉ ነበር።

ነገሩ እንዲ ነው። ኢተርኔት ላይ ፍሎው ኮንትሮል የሚባል አሰራር አለ፣ ተቀባዩ ሲጨናነቅ ለላኪው "ትንሽ ቆይ" የሚል መልዕክት ይልካል፣ ፖዝ ፍሬም ይባላል፣ በጊጋቢት መስመር አንዱ መልዕክት ቢበዛ 33 ሚሊሴኮንድ ገደማ ነው ሚያስቆመው፣ በራሱ ምንም ጉዳት የለውም። ዶኩ ግን ላፕቶፕ ተነቅሎበትም በራሱ አዳፕተር ስለሚሰራ የላን ቺፑ ነቅቶ ቁጭ ብሏል፣ ቤቱ ውስጥ ለሁሉም የሚበተኑ መልዕክቶች ለሱም ይደርሱታል፣ የሚያቀብለው ላፕቶፕ ግን የለም፣ የራሱ ማጠራቀሚያ ይሞላል፣ ሲሞላ "ቆይ" ይላል፣ ደግሞ "ቆይ"፣ ደግሞ "ቆይ"፣ ማቆሚያ የለውም። ርካሽ ስዊች ወይ ራውተር ከሆነ ለዶኩ ሊላክ የተሰለፈው ነገር ማጠራቀሚያውን ይሞላውና ለሌላው የሚሆን ቦታ ያልቃል፣ ጠባብ መንገድ ላይ አንድ ሚኒባስ ቆሞ ተሳፋሪ ሲጠራ ከኋላው ያለው መኪና ሁሉ እንደሚቆመው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው፣ ኢንተርኔቱ ሞቶ እያለ ምንም ሳትነኩ ዶኩ ላይ ያለውን የላን ገመድ ብቻ ንቀሉት። እህቴ ቤት ገመዱ እንደተነቀለ ቲቪው በዛው ቅጽበት ቀጠለ፣ ባሏ ቆሞ አየኝ። መፍትሄው ቅድም ያልኩት የፈርምዌር አፕዴት ነው፣ ለዛ ቺፕ ማስተካከያ የወጣለት ከሆነ። አድቫንስድ ውስጥ ፍሎው ኮንትሮል የሚለውን ዲስኤብልድ ማድረግም ይሞከራል፣ ግን እሱ ድራይቨሩ ሲኖር የሚሰራ ነገር ስለሆነ ላፕቶፑ በሌለበት ቺፑ ወደ ራሱ ባህርይ ሊመለስ ይችላል። የእህቴ ዶክ የፈርምዌር አፕዴት አልነበረውም፣ ስለዚ ማብሪያ ማጥፊያ ያለው የሶኬት ማከፋፈያ ገዝተን የዶኩን አዳፕተር እሱ ላይ ሰካነው፣ ላፕቶፑን ስትነቅል ማብሪያውንም ጠቅ ታደርጋለች።

ዶኩ ይሁን ሌላ ነገር መለየት ላቃታችሁ የመጨረሻው መለያ ትንሿ የዩኤስቢ ላን አዳፕተር ናት፣ ከጓደኛ ተዋሱ፣ ያንኑ ገመድ እሷ ላይ ሰክታችሁ ቀጥታ ላፕቶፑ ላይ አድርጉና አንድ ቀን ስሩ። ካልተቆራረጠ ገመዱም ራውተሩም ነጻ ናቸው፣ ዶኩ ላይ አተኩሩ። እሷም ላይ ከተቆራረጠ ዶኩን ይቅርታ ጠይቁት። ዶኩ ውስጥ ያለው የላን ቺፕ በቃ ሞቶ ከሆነ ደግሞ ሌላ ዶክ ከመግዛት ይቺኑ አዳፕተር ዶኩ ጀርባ ያለ የዩኤስቢ ቀዳዳ ላይ ሰክቶ መቀጠል ይቻላል፣ ዋጋቸው አይገናኝም።

ኔትወርክ ሪሴት አድርጉ፣ ዲኤንኤስ ቀይሩ፣ አይፒውን በእጅ አስገቡ የሚሉ ምክሮች ሞልተዋል፣ ድምጽ እያሰማ ከዩኤስቢ ላይ ለሚወድቅ ቺፕ ዲኤንኤስ ምን ያደርግለታል። ዶኩን ከሶኬትም ከላፕቶፑም ነቅሎ ግማሽ ደቂቃ ያህል አቆይቶ መመለስ ግን ሁሌም ከመጀመሪያዎቹ ነገሮች አንዱ ይሁን፣ ከላፕቶፑ ብቻ መንቀል ዶኩን አያጠፋውም።

ሌላው፣ ትላልቅ የዊንዶውስ አፕዴቶች አንዳንዴ ድራይቨሩን በራሳቸው ይቀይሩና ያጠፋችኋቸውን ምልክቶች ወደነበሩበት ይመልሷቸዋል። ከአፕዴት ማግስት መቆራረጥ ከጀመረ መጀመሪያ እነዛን ሳጥኖች እዩ፣ ከዛ ድራይቨር ታብ ላይ የቨርዥን ቁጥሩን፣ ተቀይሮ ከሆነ እዛው ሮል ባክ ድራይቨር የሚል አለ። እኔ የሚሰራልኝን ቨርዥን ቁጥሩን ዶኩ ላይ በፕላስተር ለጥፌዋለሁ፣ ኢንስታለሩንም ፍላሽ ላይ አስቀምጬዋለሁ፣ ላኑ ሲጠፋ ከየት ይወርዳል።